የአባት ሜዳይ በቀኝ በኩል

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። ሽማግሌው ጎረቤቴ መስኮቱ አጠገብ ዊልቸራቸው ላይ፣ ልጃቸው ካፖርቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ፣ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ጎን ቆሜ። ቤታቸው ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ሰፈር፣ እኔ ከምኖርበት የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ፍላት ፊት ለፊት ነው። ቀኑ በጦርነት የሞቱ የሚታሰቡበት የኖቬምበር እሑድ ነበር፤ ልጃቸው የመጣችው ወደ መታሰቢያ ሐውልቱ ልትወስዳቸው ነው።

ከሳምንት በፊት ሽማግሌው ከመሳቢያ አንድ ሞላላ የብር ሜዳይ አውጥተው አሳይተውኝ ነበር። አረንጓዴ ጥብጣቡ አርጅቶ ተበጣጥሷል። የአባታቸው ነው። አባታቸው አፍሪካ ውስጥ፣ በአንድ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የበጎ ፈቃድ ጦር መኮንን። ሜዳዩ የጀግንነት አይደለም። ሃያ ዓመት ሳይሰለቹ በማገልገላቸው የተሰጣቸው ነው።

“አንድ ሰው ላይ ተኩሰው አያውቁም” አሉኝ። “ዝናቡ ግን በደንብ መትቷቸዋል።”

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በልብስ ስፌት ነው። ብሪክስተን ገበያ ወርጄ ተመሳሳይ ጥብጣብ ገዛሁና ሰፋሁላቸው።

ልጃቸው ሜዳዩን ስታይ እጇን ከኪሷ አላወጣችም።

“አባዬ፣ ይኼን አድርገህ እኔ አልገፋህም። ቅኝ ገዥ ነበርኩ ብለህ ደረትህ ላይ ልትለጥፍ ነው?”

“ያለ እሱ ደግሞ እኔ አልሄድም።”

“እንግዲያው ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እንይ።” ወደ እኔ ዞረች። “እርስዎስ? ከአፍሪካ ነው የመጡት። አይከብድዎትም?”

“የአባታቸው ነው” አልኩ።

ሽማግሌው ደረታቸውን ወደ እኔ አቀኑ። ሰካሁላቸው። ጎንበስ ብለው አዩት።

“ይንቀሉት።”

“ጠመመ?”

“በግራ አደረጉት። በግራ የሚደረገው የራስ ነው፤ የአባት በቀኝ ነው። እንዲህ ከወጣሁ ያገለገልኩት እኔ ነኝ ማለት ይሆናል። እኔን ደግሞ ጦሩ በዓይኔ ምክንያት አልተቀበለኝም።”

“እኛ አገር የአርበኛ ልጅ አባቱ ባደረገበት በኩል ነው የሚያደርገው።”

“ታዲያ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?”

“ሰፈሩ አባቱን ያውቃል።”

ሳቁ። “እዚህ እንኳን አባቴን፣ እኔንም የሚያውቀኝ የለ። በቀኝ ያድርጉልኝ።” ከግራው ነቀልኩት።

ልጃቸው በሩን ትታ ቀረብ አለች። “ቀኝና ግራውን ማን ይለያል፣ አባዬ?”

“የሚያውቅ ይለያል። ላልገባው አንቺ ትነግሪዋለሽ።”

“ምን ብዬ?”

“የአያቴ ነው በይ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝናብ ይመታው ነበር በይ። ከፈለግሽም፣ እዚያ አገር መሄድ አልነበረበትም በይ። እሱ ግን ሄዷል።”

ከዚያ እጇን ከኪሷ አውጥታ ሜዳዩን ከእኔ ተቀበለችና በቀኝ በኩል ሰካችው።

“አሁን ጠመመ” አሉ።

“ዝም በል” አለችና የዊልቸሩን ፍሬን ለቀቀች።

እኔም ቸርች ረፍዶብኝ ነበር። መርፌዬንና ክሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼላቸው፣ ወጣሁ።