ያለ ዋስ የተሰጠ ቀብድ

የፍየል ቆዳ ሲደርቅ በሸተተኝ ቁጥር፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ቤታችን ይታየኛል። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ፣ ብራና ፍቆና አስምሮ ዳዊት ይጽፍ ነበር። ያዘዘው ሰው ቀብድ ሰጥቶት ይሄዳል፣ እሱም ጽፎ ሲጨርስ ያስረክብ ነበር፤ የምንኖረው በዚሁ ነበር።

በአንድ ጥቅምት ዓይኑ ደከመ። ብራናውን አርቆ ቢይዝም ፊደሉ ይደባለቅበት ጀመር። የወንድሜ ክርስትና አባት በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰ ይነግድ ነበርና፣ ጥምቀት አልፎ ሊሰናበተን ሲመጣ፣ «አበልጄ፣ መነጽር አመጣልሃለሁ፤ ግን እዚያ ዱቤ የለም፣ ዋጋውን አስቀድመህ ስጠኝ» አለው። አባቴ እጅ ላይ የነበረው፣ አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ላዘዙት ዳዊት የከፈሉት ቀብድ ብቻ ነበር። እናቴ በጆሮው «ዋስ ይጥራ» አለችው።

«የልጄን ክርስትና አባት ዋስ ጥራ ልበለው? ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ!»

ሰጠው።

ጾሙ ገባ። አባቴ ባቡር ይገባል በተባለ ቀን ሁሉ ጥምጥሙን አስተካክሎ ወደ ለገሃር ይወርድ፣ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ትንሣኤ ሲቃረብ አንድ ነጋዴ መጥቶ፣ አበልጃችን ድሬዳዋ ላይ በንዳድ መሞቱን፣ የያዘው ገንዘብም የት እንደገባ የሚያውቅ እንደሌለ ነገረን።

እናቴ እዝን ሠርታ፣ እኔ አገልግሉን ተሸክሜ፣ ከአባቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ሚስትየው እግሩ ላይ ወድቃ፣ «መሪጌታ፣ የሰው ገንዘብ ይዞ ይሆን? የሚያውቁት ካለ ይንገሩኝ፣ ነፍሱ እንዳትያዝ» አለችው።

አባቴ ልጆቿን አየ።

«የለበትም፣ አይዞሽ። ነፍሱን ይማር።»

ክረምቱ ሳይገባ ቤታችንን ሸጥን። አባቴ የወይዘሮዋን ቀብድ በመሐረብ ቋጥሮ ሲወስድላቸው፣ «ዓይንዎ እስኪሻልዎ እጠብቅዎታለሁ እኮ» ቢሉት፣ «ጽፌ የማልጨርሰውን አልበላም» ብሎ ሰጥቷቸው ተመለሰ። እሪ በከንቱ ሰፈር ወርደን አንዲት የምታፈስ ክፍል ተከራየን። ከዚያ ወዲህ ብዕር አልያዘም።

ዛሬ ልጆቼ ዕቃ ሲያዝዙ አስቀድመው ይከፍላሉ፣ ደረሰኝ ይቀበላሉ፣ ዕቃውም ይመጣላቸዋል፤ ተመስገን። እኔ ግን እጃቸው እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ የለኝም። የአበልጃችን ልጆችም ደህና ናቸው፣ በበዓል እንጠያየቃለን። አባታቸው ያለ ዕዳ እንደሞተ ያምናሉ። አባቴ የለበትም ብሏልና፣ የለበትም።