ሰኪና ከጎባ ሰማይ ላይ

አውሮፕላኑ ጎባ ላይ መዞር ከጀመረ ወዲህ ሰኪና ግንባሯን ከመስኮቱ አላነሳችም። ታች የሚታየው ደመና ብቻ ነው። ከደመናው ሥር አባቷ ጅብሪል በሞት አፋፍ ላይ ናቸው።

«ዛሬም አያወርደንም» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ባላምባራስ ኃይለየሱስ። «ጎባን ከላይ ስጎበኛት ይኸው ሁለተኛዬ ነው።»

«ጌታዬ፣ አብራሪውን ትንሽ ይታገስ ይበሉልኝ። አባቴ እኮ እዚህ ታች ናቸው።»

«አባትሽማ አሉ። የጠፋው ማረፊያ ሜዳው ነው።» ፊቷን ሲያዩ ግን ቀልዱን ትተው እስከ አብራሪው ድረስ ሄዱ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ተመለሱ። አውሮፕላኑም አፍንጫውን ወደ አዲስ አበባ አዞረ።

ሰኪና ባሏን ሁሴኖን ያገባችው በገዛ እግሯ ቤቱ ገብታ ነው። በአርሲ ልማድ እንዲህ የገባች ልጅ አትመለስም። ጅብሪልም አልመለሷትም፤ ግን አልመረቋትም። ሽማግሌ ሲላክባቸው «ምርቃት በሰው እጅ አይላክም፤ መጥታ ከአፌ ትቀበል» አሉ። እሷ ደግሞ አንዴ ልጅ፣ አንዴ የአቡጀዲ ንግዷ፣ አንዴ ክረምቱ እየያዛት ሳትሄድ ዓመታት አለፉ።

መታመማቸው ሲሰማ ክረምት ነበር፤ መኪና ወደ ባሌ አያልፍም። ሁሴኖ በበቆጂ በኩል በበቅሎ እንሂድ አላት።

«አምስት ቀን በጭቃ? አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ነው አሉ።»

«ነው። አንቺ ግን ያለሽው አሰላ ነው።»

«በቅሎህ እስክትጫን እኔ ደርሻለሁ!»

«እንግዲያ ወፏ፣ ብረሪ። እኔ ከኋላሽ እመጣለሁ።»

ወደ ደቡብ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ተጓዘች። በኢተያ አድርጋ አዲስ አበባ ገባች። ጎባ ለሚኖረው ወንድሟ ለከዲሮ ሮብ እንደምትመጣ በስልክ ነገረችው። ሮብ ዕለት አውሮፕላኑ ወደ ጎባ ሲበር የጭላሎ ጫፍ ከደመናው በላይ ታያት። ቀኑን ሙሉ በመኪና ስትንገላታ የራቀችው አገሯ በመስኮቱ በኩል ሽው ብሎ አለፈ።

አሁን ቀጣዩ በረራ ከሳምንት በኋላ ነው ስላሏት ያንኑ መንገድ ተመለሰችና አሰላ ገብታ ተቀመጠች።

ሁሴኖ የመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ከበቅሎው ሳይወርድ «ደረስክባቸው?» አለችው።

«ከቀብሩ በኋላ ነው የደረስኩት። ሐሙስ ነው ያረፉት።» ወረደና ልጓሙን ይዞ ቆመ። «ሮብ ግን የአውሮፕላኑን ጩኸት ሰምተው አውጡኝ አሉ። ከነአልጋቸው ወደ ግቢው አወጧቸው። ‹እዚያ ውስጥ ናት?› አሉ። ‹ናት› አላቸው ከዲሮ። ‹አትታየኝም።› ‹እኛም አትታየንም።› ከዚያ ወደ ሰማዩ እንትፍ ብለው መረቁሽ። ‹ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ› አሉ። ምራቁን ንፋስ መለሰውና ከዲሮ፣ ‹የሷን ምርቃት እኔ በፊቴ ተቀበልኩላት› ይላል።»

ሰኪና ልጓሙን ከእጁ ተቀበለችው።

«ከአፋቸው ነው?»

«ከአፋቸው። እኔ ወሬውን ነው ያመጣሁት፤ ምርቃቱን አይደለም።»

«እኔ ገና እዚያ ላይ ሳለሁ ነው ወይስ ከዞርን በኋላ?»

ሁሴኖ አያውቅም ነበር። ከዲሮም ቢሆን ከደመናው በቀር ያየው ነገር የለም።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ ሰኪና የአባቷን መቃብር ለማየት ጎባ ሄደች። መኪና ማለፍ ቢጀምርም የሄደችው በበቅሎ፣ በበቆጂ በኩል ነው።