ጋሼ ተሾመ ያስነሷት መኪና

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ አሮጌ መኪናውን ሊያስነሳ ቁልፉን እያዞረ ሩብ ሰዓት ሙሉ አሰቃያት። ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ሞተሩ አይነሳም። በመጨረሻ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ፣ ባትሪውን ሳትገድለው ውረድና ካንዴላው እሳት ይሰጥ እንደሆነ እይ ብዬ ጮህኩበት። ሰውዬው ደነገጠ። ሚስቴ ወጥታ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። ንዴቴ በእሱ እንዳልሆነ ታውቃለች።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ ደግሞ የደርግ። ከአንድ የመርካቶ ነጋዴ የተወረሰች ፒካፕ ለቀበሌያችን ተሰጥታ፣ ሾፌሯ እኔ ነበርኩ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፤ መለዋወጫ የሚባል ነገር ከገበያ ጠፍቷል። ቀበሌው አጥር ስላልነበረው የምታድረው አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እኛ ግቢ ነው።

ወሩ የካቲት፣ ከተማው አቧራ ብቻ ነው። በማግስቱ ሰልፍ ስላለ ሰው እንዳመላልስ ታዝዣለሁ። ያን ቀን ታዲያ ጎጃም በረንዳ መሐል ሁለት ጊዜ ጠፋችብኝ። ሁለቱንም ጊዜ ኩሊዎቹ ሸክማቸውን አውርደው እየሳቁብኝ ገፉልኝ። በርበሬ በረንዳ ጥግ ወደሚሠሩት መካኒክ፣ ወደ ጋሼ ተሾመ ወሰድኳት። ልጅነታቸው በጣልያን ጋራዥ ያለፈ፣ ሃምሳን የዘለሉ ቁጥብ ሰው ናቸው። ለካንዴላው እሳት የምትልከውን ፑንቲና ፈትተው በክብሪት ቀፎ ጎን ፈገፈጓት። የሚፈጨው በርበሬ አየሩን ስለሞላው ሁለታችንም እናስነጥሳለን። ቁልፉን እንዳዞርኩ ተነሳች።

እኔ ግን አላመንኳትም። እራት ላይ ለእናቴ፣ ነገ ካልተነሳች የቀበሌው ሊቀመንበር ልክ ያስገባኛል እያልኩ ስነጫነጭ አመሸሁ። ጠዋት ስነሳ እናቴ ባዶ ጀሪካን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማለች።

«አትስጋ ልጄ፣ የአማኑኤልን ጠበል ረጨሁላት» አለችኝ።

በሩንና ጎማውን የረጨች መስሎኝ እያጉረመረምኩ ቁልፉን አዞርኩ። አልተነሳችም።

ሰልፈኛው መፈክሩን ይዞ ይጠብቃል። ጋሼ ተሾመ ተጠርተው የመሣሪያ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡ። ሊቀመንበሩም ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው ጋሼ ተሾመን «አንተ» እያለ ነበር የሚያናግራቸው፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። እሳቸው ኮፈኑን ከፈቱ። የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ወደ ብረት አስጠጉና እንዳዞር ጠቆሙኝ። እሳት የለም። ከዚያ የፑንቲናዋን ክዳን አነሱ። የተሰነጠቀ ክዳን ነው፤ ውስጡ ውሃ ገብቷል። ጠበሉ ሞተሩ ላይ እንደፈሰሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሼ ተሾመ ቀና ብለው ጀሪካኗን እንደያዘች የቆመችውን እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ። መሐረባቸውን አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለሊቀመንበሩ ሰጥተው አደረቁት። መኪናዋ ተነሳች።

ሰው ቢሆን ያመሰግን ነበር። ሊቀመንበሩ ግን «ትናንት የነካካት እሱ፣ ዛሬ በአንድ ደቂቃ ያስነሳት እሱ። ራሱ ካላበላሻት በምን አወቀው? አሻጥር ነው» አለ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስገድል ነበር። ጋሼ ተሾመ ምን አገኘህባት ሲባሉ፣ ቆሻሻ ነበረው ብቻ አሉ። ውሃ ነበር ቢሉ፣ በየካቲት ውሃውን ማን አፈሰሰው የሚለው ጥያቄ እናቴ ላይ ይወርዳል። እኔ መሪ ጨብጬ ተቀምጫለሁ። አፌን አልከፈትኩም። ጋሼ ተሾመን ከኋላ ጭነው ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ንዳ አሉኝ። ነዳሁ። የተረገመች መኪና፣ ያን ቀን ነበር መጥፋት የነበረባት፤ መንገዱን ሙሉ አንዴ እንኳ አልጠፋችም።

ሁለት ክረምት አሰሯቸው። ያን ጊዜ ሁሉ ሊቀመንበሩን በልቤ ስረግም፣ እናቴን በሆነ ባልሆነው ስቆጣት ከረምኩ። ጠበሏ ምን እንዳደረሰ ግን አልነገርኳትም፤ ሳታውቅ ሞተች። መፈታታቸውን ስሰማ በርበሬ በረንዳ ሄድኩ። ከስተዋል፤ ካንዴላ ይጠርጋሉ። እናቴን አሳልፌ እንዴት እሰጣለሁ ብዬ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ እያልኩ መለፍለፍ ጀመርኩ።

«የእናትህን ስም እንድትጠራ መች ፈለግሁ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ። «ሞተሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ ብትል ይበቃ ነበር። ሾፌር መኪና ያጥባል። ሊቀመንበሩ አንድ ጥፊ አቅምሶህ ይተውህ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ነገር አንድም ቀን አልመጣልኝም ነበር።

ሊቀመንበሩን ዛሬም አልማርኩትም፤ ሲሞት ለቅሶ አልሄድኩም። እሱን መጥላት ቀላል ነው። አንዳንድ ቀን ብቻዬን ስሆን፣ ሞተሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ እላለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። ለመናገር አንድ ትንፋሽ እንኳ አትፈጅም።