ታደለች በወጣችበት ወር የመጣው የመብራት ሂሳብ

ይህን ባለቤቴ አታውቀውም፤ ልጆቼም አያውቁትም። ፕሮቴስታንት ስለሆንኩ ጆሮ የሚሰጠኝ የንስሐ አባት የለኝም። በጸሎቴም «ስውር ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» እያልኩ ነገሩን ዙሪያውን ስዞረው ኖሬያለሁ። እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል እል ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሙን መጥራት ፈርቼ ነው። እንግዲህ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ባለው ግቢዬ ሦስት ክፍል አከራያለሁ። ከአራት ዓመት በፊት በአንዱ ክፍል ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፣ በሁለተኛው አቶ ሀሜሶ የሚባሉ አዛውንት፣ በሦስተኛው ደግሞ ታደለች። ታደለች ለተማሪዎችና ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ግቢው ያለው ቆጣሪ አንድ ብቻ ነው። የወሩ የመብራት ሂሳብ ሲመጣ ለአራት ቤት እኩል እንካፈላለን።

አንድ ወር ሂሳቡ እጥፍ ሆኖ መጣ። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፣ እኔም ተናደድኩ። ማን ሊሆን ይችላል? ስል ዓይኔ በቀጥታ ታደለች በር ላይ አረፈ። ካውያ የምትይዘው እሷ አይደለች? ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ተማሪ አንድ ምሳሌ ብቻ አይቶ ደንብ ሲያወጣ ቾክ እወረውር የነበርኩ ሰው፣ አንድ ካውያ አይቼ ፍርድ ሰጠሁ።

እሑድ ከጉባኤ መልስ ሁሉንም ቆጣሪው ሥር ሰበሰብኳቸው። በጋራ መብራት የግል ንግድ የሚነግድ ሰው አለ አልኩ። ደግሞ በስሟ ጠራኋት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የምተኩሰው በከሰል ነው» አለች። «በጋራ ቆጣሪ ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው የከሰል ካውያ የገዛሁት። ይግቡና ይዩ።»

አልገባሁም። የከሰሉ ለታይታ ነው፣ በራችሁን ስትዘጉ የኤሌክትሪኩን ትሰካለች አልኩ። አንደኛው ተማሪ ሳቀ። በወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንድትለቅ ነገርኳት።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። አሁን ወደ ራሱ ወደ ሥራዬ ልምጣ።

ከመውጣቷ በፊት ባለው ሳምንት ክሴን በማስረጃ ላጠናክር ብዬ የቆዩ ደረሰኞችን አወጣሁ። የተከፈለውን ለፍጆታው ሳካፍለው የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከወር ወር ይለያያል። ለካ ታሪፉ በእርከን ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ቤት በርካሽ ያገኛል፣ ፍጆታ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ይወደዳል። ቆጣሪው ደግሞ አራት ቤት መሆናችንን አያውቅም፤ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ነው የሚቆጥረን። ስለዚህ አንዱ ቤት ሲያበዛ ሁሉም ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ታዲያ ያበዛው ማን ነበር? ፍጆታው የጨመረበትን ወር ስመለከት እኔ ቦይለር ያስገባሁበት ወር ነው። ሙቅ ውሃ ስለምወድ ቀንም ሌሊትም አጠፋው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ታደለች እናቷን ለመጠየቅ ቱላ ሄዳ ሁለት ቀን አደረች። ክፍሏ ተዘግቶ ቆጣሪው እንደ ወትሮው ይሮጣል። ገብቼ ቦይለሩን ሳጠፋው ረጋ አለ። ቆጣሪው ፊት ቆሜ ሁሉንም አወቅሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አወቅሁ፣ ግን ዝም አልኩ። በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን በሕዝብ ፊት መመለስ አቃተኝ። አቃተኝ ስል እንኳ ራሴን እያባበልኩ ነው፤ አልፈለግሁም።

የወጣች ቀን ፍራሿ ባጃጅ ላይ ሲጫን በሩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ዞር ብላ «ጋሼ፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ ቆጣሪው ካልቀነሰ ይነግሩኛል?» አለችኝ። እነግርሻለሁ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? ቦይለሩን አጠፋሁት። ለባለቤቴ ተበላሽቷል አልኳት፣ ምስኪኗ በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠብ ከረመች። ሂሳቡም ቀነሰ። «መምህር፣ ልክ ነበሩ!» አሉኝ ተማሪዎቹ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፣ የመዘምራን ልብስ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሌባ የሚል ስም የወጣላት በእኔ ቃል ነው፤ ስሙን በማስረጃ ያጸናሁት ደግሞ እኔው፣ በገዛ ጣቴ፣ እያወቅሁ።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ዓመት ታሪፉ ተከለሰና ማንም ምንም ሳይጨምር ሂሳቡ ከፍ አለ። ተከራዮቹ በአዲሷ ተከራይ፣ በአንዲት አራስ ላይ ጣት መቀሰር ሲጀምሩ ታደለች ትዝ አለችኝ። ሰበሰብኳቸውና ደረሰኞቹን ዘርግቼ እርከኑንም ክለሳውንም አስረዳኋቸው። ክፍሎቹ የየራሳቸውን ቆጣሪ እንዲያገኙም ማመልከቻ ጻፍን። ከዚያ ታደለችን አስጠራሁ፤ ተከራዮቹንና መዘምራኑንም ቆጣሪው ሥር ሰበሰብኩ።

አቶ ሀሜሶ በሲዳማ ወግ ሸንጎውን ከፈቱ። «አፊኒ?» አሉ፤ ሰምታችኋል ወይ ማለት ነው። ማንም ከመፍረዱ በፊት መስማት ግድ ነው። እኔም ቆሜ፣ የበላው የእኔ ቦይለር ነበር፣ ታደለች ንጹሕ ናት አልኩ። ያንን በማለቴ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቃል ጨመርኩ፤ «ያኔ አላወቅሁም ነበር» አልኩ። በዚያች ቃል እንደገና ዋሸሁ።

ታደለች ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እጄን ያዘችና «ሰው ይሳሳታል፣ ይቅር ብያለሁ» አለች። በሳምንቱ የመዘምራኑ ልብስ ተመለሰላት። ዛሬ ቱላ ላይ የራሷ ቆጣሪ ያላት ትንሽ ልብስ ማጠቢያ ቤት ከፍታለች። በየወሩ ደረሰኟን ይዛ ትመጣለች፣ አብረን እናነበዋለን። አሁን የኤሌክትሪክ ካውያዋን በየቀኑ ለጥቂት ልብስ ከማጋል ልብሱን አጠራቅማ በአንዴ ትተኩሳለች፤ ፍጆታዋ የጨመረበትን ምክንያት ከእኔ ቀድማ ታገኛለች። እንደ እሷ ያለ ተማሪ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ አልገጠመኝም።

ባለፈው ሳምንት ደረሰኟን እያጠፈች «ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ጥፋቱን የሚያምን ሰው አላየሁም። ለልጄ ሁሌ ስለ እርስዎ ነው የምነግራት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድልኝም። ይቅርታ የተቀበልኩት ለስህተት ነው። እኔ የሠራሁት ግን ስህተት አልነበረም።

ኩራቴ ነበር፣ እፍረቴ ነበር ብዬ ላሳዝናችሁ አልፈልግም። አውቄ አደረግሁት፣ አውቄ ሸፈንኩት። ሆኖም ተስፋ አለኝ፤ ተስፋዬም በእኔ ሳይሆን በእሷ ላይ ነው። ታደለች ሳትሰማ የማትፈርድ ሴት ናት።

ቅዳሜ ይህን ወረቀት ይዤ ቱላ እሄዳለሁ። ልጇ ፊት፣ ደንበኞቿ ፊት አነብላታለሁ። ይቅር በይኝ አልላትም፤ አንዴ ብላኛለች። «ታደለች፣ ያን ቀን የሰጠሽኝ ይቅርታ የእኔ አልነበረም፣ ይኸው መልሼልሻለሁ። አሁን ሁሉንም ሰምተሻል፣ እንደገና ወስኚ» ነው የምላት።