ክኒኑን እንደ ኮሶ

አባቴ ሆዳቸው ሲደርቅ ለማንም አይናገሩም። ወረታ ገበያ ውለው ቤቴ ሲያርፉ ያቀረብሁላቸውን ሩዝ ገፋ አድርገው «ሆዴ ድንጋይ ሁኗል» ያሉኝ ዕለት ነገሩ የከረመ መሆኑ ገባኝ።

መድኃኒት ቤት ይዣቸው ሄድሁ። ባለሙያዋ ቁርጠት፣ ትውከት ወይም ሰገራቸው ላይ ደም እንዳለ፣ ሌላ መድኃኒትም ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የለም አሉ። ሆድ የሚያለሰልስ ክኒን ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ ማታ ሲተኙ አንዷን በውኃ ይዋጧት። በወተት አይሆንም። የምትሠራው ጠዋት ነው፤ ቆየች ብለው እንዳይደግሙ። ውኃና ጎመን ያብዙ። እስከ ሳምንት ድረስ ካልተሻለዎት ሐኪም ይይዎት» አለች። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሳቸው ራስ መነቅነቅ «እሺ» ማለት አይደለም፣ «ጨርሺ» ማለት ነው።

ኮሶ እየጠጡ ያደጉ ሰው ናቸው። ለሳቸው መድኃኒት ማለት አንጀት አጥቦ አልጋ ላይ የሚጥል ነው፤ ካልጣለ አልሠራም። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ በር ዘግቶ ይውላል፣ ለመጣው ሁሉ «የለም» ይባላል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከከተማው በታች ሜዳው ላይ ወዳለው ቤታቸው ወረድሁ። እናቴ ደጅ ላይ ሩዝ ታበጥራለች።

«አባትሽ የሉም» አለችኝ።

ለእኔም! ተናደድሁ። ጫማቸው በሩ ሥር ተቀምጧል። አልፌያት ገባሁ።

ማታ ሦስት ክኒን ውጠው፣ ሌሊት «ዝም አለኝ» ብለው የቀረውን ደግመዋል። ከዚያ ወዲያ ሆዳቸው አላቆመም። ይብስብኛል ብለው ውኃም አልቀመሱ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ልነሳ ሲሉ ግድግዳ ያዙ። ፈራሁ።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ፣ አባ።»

«ሰው ያየኛል።»

«ቀብርዎ ላይም ያይዎታል» አልሁና ባጃጅ ጠራሁ።

ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ተደረገላቸው። ነርሷ ትንሽ ቢዘገዩ የውኃው እጥረት ኩላሊታቸውን ይጎዳው እንደነበር ነገረችን። ሲመሻሽ ፊታቸው ሰው መሰለ። እናቴ ግን አልተረጋጋችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ጠዋት የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ነበር» አለችኝ። «ደጃፉ ላይ ቁማ ‹ደኅና ናችሁ?› አለች። ‹የሉም› ብየ መለስኋት።» ከዚያ አለቀሰች።

አባቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«እኔ ነኝ በይ ያልሁሽ» አሉ።