ቀባሪ የሌለው ሰው ክፍል

በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አንዲት ክፍል ቤት ተለቀቀችና «ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ሰው ትሰጥ» የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔም መመሪያ አክባሪ ስለሆንኩ፣ ጎጇቸው የፈረሰባቸውን እማ ዘይነባን በዚሁ ቃል መዘገብኩና ስማቸውን ከነምክንያቱ በቢሯችን በር ላይ ለጠፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ቅሬ በሙሉ፣ ዳኛው አባ ሰይድ እየመሩት፣ ቢሯችንን ሞላው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው።

«ቀባሪ የላትም ያለው ማነው?» አሉ አባ ሰይድ። «እኛ ሞተናል?»

«አባ፣ የመመሪያው ቋንቋ ነው።»

«ወላሂ፣ ይቺ ሴት ዛሬ ብትሞት አገር ነው የሚወጣላት!»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ አለሁ!» አሉ እማ ዘይነባ ከኋላ። «ቤት ነው ያጣሁት፤ ቀባሪማ ሞልቶኛል።»

የቀበሌው ሊቀመንበር ጨነቃቸው። ቀባሪ ካላቸው ክፍሏ አትገባቸውም። እኔ ኮስተር ብዬ፣ እንግዲያው ከቀበሌው ውስጥ እውነተኛ ቀባሪ የሌለው ሰው ይፈለግ አልኩ።

አባ ሰይድ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ የየትኛው ቅሬ ነህ?»

«እኔ እንኳ እንግዳ ነኝ፤ ገና አልገባሁም።»

«ዘመድስ?»

«እዚህ አገር የለኝም።»

«ውይ የኔ ልጅ!» ብለው እማ ዘይነባ እንባቸው ግጥም አለ።

ሊቀመንበሩ ማኅተሙን አነሱ። ከቀትር በኋላ ፍራሼን ተሸክሜ ወደ ክፍሏ ስገባ፣ እማ ዘይነባ እኔ የነበርኩበትን ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ተረከቡ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት ራሴ ነኝ።