አስካለ ያልወለደችው ልጅ

የጫኖ ማንጎ ፀሐይ ላይ ውሎ መፍላት ሲጀምር የሚያመጣው ጣፋጭ ሽታ አፍንጫዬን በነካ ቁጥር አስካለ ትመጣብኛለች። አጥራችን ሥር ሸራ ዘርግታ ማንጎ ትሸጥ ነበር። ስትስቅ የአባያ አዞዎች ከእንቅልፋቸው ይነቃሉ። የተጨፈለቀውን ለእኛ ለሰፈር ልጆች ታድላለች፤ እስከ ክርናችን ቢጫ ሆነን ቤት እንገባለን።

ሠርጓ ሲቃረብ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ይረጥብ ጀመር። ወተት! ያልወለደች ልጅ! ጨንቋት ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች በምስጢር ነገረቻቸው። ሬዲዮ እንኳ ባትሪ ያልቅበታል፤ የእሳቸው ምላስ ግን አያልቅበትም። በማግስቱ አርባ ምንጭ ሁሉ "ወልዳ ጥላለች" አለ። የወር አበባዋ መቅረቱም ማስረጃ ሆነ። ከዘመዶቿ መንደር ከኦቾሎ ሽማግሌዎች ወረዱ። ጎሜ ነው፣ የደበቅሽው ጥፋት ነው በሽታ ሆኖ የወጣው፣ ተናዘዢ አሏት።

"ያልወለድኩትን ልጅ ከየት አምጥቼ ልናዘዝ?" አለች።

እጮኛዋ ቀረ፤ ራስ ምታቷ ግን ባሰባት። ከጎኗ ያለው ነገር አይታያት ስለነበር ትከሻዋን ከበሩ መቃን ጋር እያጋጨች ትገባለች። "ኅሊናዋ ነው የሚያደናብራት" አሉ እትዬ ዘነበች። በመጨረሻ ዓይኗ ጭራሽ ጠፋ። ዘመዶቿ ኦቾሎ ወሰዷት፤ እዚያው አረፈች።

ዘንድሮ እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ባጃጄ ጋ መጡ። ያላገባች የልጅ ልጃቸው ጡቷ ወተት ያፈሳል፤ ራሷንም ያማታል። ሆስፒታል አደረስኳቸው። ሐኪሟ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀች፣ ከጎን ማየቷን ፈተሸች፣ ደምና የራስ ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ ሲመጣ፣ "አንጎል ሥር ባለች አተር የምታህል ዕጢ ላይ እባጭ አለ። የወተት ሆርሞን የሚያመነጨው እሱ ነው። ዓይኗን ሳይጎዳ ስለመጣችሁ በክኒን እንጀምራለን" አለች።

ልጅቷን እቤቷ ካደረስኩ በኋላ እትዬ ዘነበችን መንደራችን መሃል አወረድኳቸውና ጡሩምባውን ለቀቅኩት። ሰፈርተኛው ተግተልትሎ ወጣ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቀን!

"እትዬ፣ አስካለ ወልዳ የጣለችው ወንድ ነበር ሴት?"

"ተው ልጄ፣ ሰው ይሰማል።"

"እንዲሰማ ነው እንጂ! የልጅቷን አላነሳም፤ እርስዎ የአስካለን ይናገሩ።"

"አልወለደችም" አሉ በሹክሹክታ።

"ያኔ እንዲህ ነበር ያወሩት? ድምፅዎ የት ሄደ?"

"አስካለ አልወለደችም! ታማ ነበር!"

እርስዎ የምላቸው ለዕድሜያቸው ነው። እንባቸውን ሳይ ብዙም አላዘንኩም።

አሁን በሰፈራችን ያልወለደች ልጅ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ከረጠበ ሽማግሌ ጠርቶ ተናዘዢ የሚላት የለም። እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አስካለን ያመማት እንዳይሆን" ይላሉ፤ ነጋ አልነጋ ብለውም ሆስፒታል ይወስዷታል።